የገብስ ቡቃያ ለከብት መኖ፦ አዘገጃጀቱና የሚያዋጣበት ሁኔታ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በምዕራብ ጎጃም፣ በተለይም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ፣ የከብት መኖ ችግር የሚጠናው ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ነው። በእነዚህ ወራት የክረምቱ ሣር ደርቋል፤ የግጦሹም መሬት ከዓመት ወደ ዓመት እየታረሰ ጠብቧል። በመስኖ የሚለማው ማሳ ደግሞ ሽንኩርት፣ ድንችና የመሳሰሉትን ስለሚይዝ ለመኖ አይተርፍም። ስለዚህ አብዛኛው ከብት በጋውን የሚያልፈው በጤፍ ጭድ፣ በዳጉሳ ጭድና በበቆሎ አገዳ ነው። እነዚህ ተረፈ ምርቶች ሆድ ይሞላሉ እንጂ ፕሮቲናቸው አነስተኛ ነው፤ የቫይታሚን ኤ መገኛ የሆነውም አረንጓዴ ነገር የለባቸውም። ውጤቱን አርቢው ሁሉ ያውቀዋል። ላሟ ወተት ትቀንሳለች፤ ጥጃው ይከሳል፤ በሬውም ለክረምቱ እርሻ ሳይጠነክር ይደርሳል።

ይህን ችግር ለማቃለል ከሚነገሩት ዘዴዎች አንዱ ገብስን ያለ አፈር በውሃ ብቻ አብቅሎ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ለከብት ማቅረብ ነው። ዘዴው ሃይድሮፖኒክስ በሚለው ስም ይታወቃል። ስለ ዘዴው ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠቀሰው፣ ከአንድ ኪሎ ገብስ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ለምለም መኖ ይገኛል የሚለው ነው። ይህን የሰማ ማኅበር ቤት ሠርቶ፣ መደርደሪያና ትሪ ገዝቶ ሥራውን ለመጀመር ቢነሣሣ አያስደንቅም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የገብስ ቡቃያ መኖ በአካባቢው በሚገኝ ዕቃ እንዴት እንደሚዘጋጅ ማስረዳት ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው፣ ማኅበራት ገንዘባቸውንና ገብሳቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሒሳቡን እንዲያሰሉ ማገዝ ነው። ገብስ የሰውም ምግብ ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ በሶ፣ ቆሎና ጠላ የሚሆን እህል ለከብት ሲሰጥ ትርፉ በግልጽ መታወቅ አለበት።

1. የገብስ ቡቃያ መኖ ምንድን ነው?

የገብስ ቡቃያ ለአካባቢያችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ጠላ የሚጠምቅ ቤት ሁሉ ብቅል ያበቅላል። ገብሱ ይዘፈዘፋል፤ ውሃው ይጠነፈፋል፤ ተሸፍኖ ይቀመጥና ሥር ሲያወጣ ይሰጣል። የቡቃያ መኖም የሚጀምረው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ ብቅሉ ገና ሥር እንዳወጣ እንዲደርቅ ሲደረግ፣ መኖው ግን ብርሃን እያገኘና ውሃ እየተረጨ እስከ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ቀን መቆየቱ ነው። በዚያን ጊዜ ቅጠሉ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ሥሩም እርስ በርሱ ተጠላልፎ እንደ ምንጣፍ ስለሚሆን ተጠቅልሎ ይነሣል። ከብቱ ቅጠሉን፣ ሥሩንና የዘሩን ቅሪት አንድ ላይ ይበላዋል።

በዚህ አጭር ጊዜ ማዳበሪያ አያስፈልግም። ቡቃያው የሚያድገው ዘሩ ውስጥ በተከማቸው ምግብ ነውና። ይህ ነጥብ ቀጥሎ ለምናሳየው ስሌት መሠረት ስለሆነ በሚገባ ሊጤን ይገባል።

2. ስድስት ኪሎው ከየት ይመጣል?

የማንኛውንም መኖ ዋጋ ለማወዳደር መጀመሪያ በውስጡ ያለውን ውሃ መቀነስ ያስፈልጋል። ውሃው ተወግዶ የሚቀረውን ደረቅ ክብደት እንለዋለን። ከብቱን የሚያጠግበውና ወተት ወይም ሥጋ የሚሆነው ይኸው ደረቅ ክብደት ነው።

አንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ገብስ ከመቶ 10 እጅ ያህል ውሃ አለበት። ስለዚህ ደረቅ ክብደቱ 900 ግራም ነው። ከዚህ ገብስ 6 ኪሎ ግራም ቡቃያ ተገኘ እንበል። ለምለም ቡቃያ ከመቶ 12 እጅ ገደማ ብቻ ደረቅ ክብደት ስላለው ስሌቱ እንደሚከተለው ይሆናል።

የገብሱ ደረቅ ክብደት፦ 900 ግራም
የቡቃያው ደረቅ ክብደት፦ 720 ግራም
በቡቃያው ውስጥ ያለው ውሃ፦ 5 ኪሎ ከ280 ግራም
የጠፋው ደረቅ ክብደት፦ 180 ግራም፣ ማለትም ከአምስት አንድ እጅ

ከዚህ እንደምንረዳው የጨመረው ውሃው ነው፤ መኖው ራሱ ቀንሷል። ምክንያቱም ዘር ሲበቅል ይተነፍሳል፤ ለዚህም የተከማቸውን ስታርች ያቃጥላል። ቅጠሉ በብርሃን የራሱን ምግብ መሥራት የሚጀምረው ዘግይቶ ስለሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ የጠፋውን አይተካም። ከዚህም በላይ በመዘፍዘፍና በማጠብ ጊዜ በውሃ የሚታጠብ ንጥረ ነገር አለ። የጉድለቱ መጠን እንደ ዘሩ ጥራት፣ እንደ ሙቀቱና እንደ አያያዙ ይለያያል። ቡቃያው ከስምንት ቀን በላይ ከቆየ ደግሞ ኪሳራው እየጨመረ ይሄዳል። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሥጋ ከብት አርቢዎች የወጣው የጥናቶች ዳሰሳም በደረቅ ክብደት ሲሰላ የቡቃያ መኖ ውድ እንደሆነ አመልክቷል።

ይህን ለአርሶ አደሩ ለማስረዳት ከንግግር ይልቅ ሚዛን ይበልጣል። የልማት ሠራተኛው አንድ ኪሎ ቡቃያ በማኅበሩ አባላት ፊት ይመዝን፤ ከታትፎ በንጹሕ ሸራ ላይ ፀሐይ ያስጣው፤ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ በየቀኑ ይመዝነው። በመጨረሻ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ከ120 እስከ 150 ግራም ነው። አጠገቡ አንድ ኪሎ በሚገባ የደረቀ ድርቆሽ ቢሰጣ ግን ክብደቱ ብዙም አይለወጥም። ይህን ያየ አባል ‹‹ስድስት ኪሎ›› የሚለውን ቁጥር ከዚያ በኋላ በራሱ ይመዝነዋል።

3. ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው?

የደረቅ ክብደቱ መቀነስ ዘዴው ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ጥቅሞቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. በበጋ ጭድ ብቻ ለሚበላ ከብት ቡቃያው ካሮቲንና ቫይታሚን ኢ ያስገኛል። ካሮቲን በከብቱ አካል ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጥ ሲሆን፣ ለዓይን፣ ለእርግዝናና ለጥጃ ዕድገት አስፈላጊ ነው። ክረምት ላይ የሚታየው የቅቤ ቢጫነት የሚመጣው ከዚሁ ካሮቲን ነው።

ለ. ለስላሳና ጣፋጭ ስለሆነ ከብቱ ወዶ ይበላዋል፤ ከተከተፈ ጭድ ጋር ሲደባለቅ ጭዱንም አብሮ ያስበላል።

ሐ. ቦታ አይፈጅም። የእርሻም ሆነ የግጦሽ መሬት የሌለው የከተማ አርቢ በጓሮው ጥግ ሊያዘጋጀው ይችላል።

በፕሮቲን ረገድ ግን ብዙ መጠበቅ አይገባም። ቡቃያው ሲመረመር በፕሮቲን ከገብሱ በልጦ ይገኛል፤ ይኸውም ከመቶ 11 እጅ ገደማ የነበረው ወደ 14 እና 15 እጅ ያድጋል። ዳሩ ግን ይህ የሚሆነው ስታርቹ ስለሚቀንስ የፕሮቲኑ ድርሻ ስለሚጎላ ነው። በአንድ ኪሎ ገብስ ውስጥ 100 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ፤ ከእርሱ በተገኘው 6 ኪሎ ቡቃያ ውስጥ ያለውም ከዚህ እምብዛም አይበልጥም። በአንድ ኪሎ የኑግ ፋጉሎ ውስጥ ግን ከ270 እስከ 300 ግራም ፕሮቲን ይገኛል። ስለሆነም የአንድ ኪሎ ፋጉሎ ዋጋ ከአንድ ኪሎ ገብስ ዋጋ ሁለት ተኩል እጥፍ በታች እስከሆነ ድረስ፣ ፕሮቲኑን ከፋጉሎ መግዛት ይረክሳል። ይህን ስሌት በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ገበያ በየጊዜው በሚገኘው ዋጋ ማስላት ይቻላል።

4. የሚያዋጣው ለማን ነው?

የቡቃያ መኖ ጎልቶ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ በደቡብ ምዕራብ አልጄሪያ በቲንዱፍ የሚገኘው የሰሃራውያን ስደተኞች ሰፈር ነው። በዚያ ታሌብ ብራሂም የተባለ፣ ራሱም ስደተኛ የሆነ የግብርና ባለሙያ፣ ከዓለም የምግብ ፕሮግራም ጋር በመተባበር በቀላል ዕቃ የሚዘጋጅ የገብስ ቡቃያ ለፍየሎች እንዲዳረስ አድርጓል። ሥራው የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ አጋማሽ በኋላ ነው። ቦታው በረሃ ነው፤ የሚታረስ መሬትም ሆነ የሚታጨድ ሣር የለም። በእንዲህ ያለ ሥፍራ ቡቃያው የሚወዳደረው ከባዶ ሜዳ ጋር ነው።

የምዕራብ ጎጃም ገጠር ግን በረሃ አይደለም። ክረምቱ ረጅምና ዝናባማ ነው፤ በየጓሮው፣ በየእርከኑና በየማሳው ድንበር ሣር ይበቅላል። ስለዚህ የቡቃያውን ጥቅም ከዚህ ጋር ማስተያየት ይገባል። በእኛ አስተያየት ዘዴው ሊያዋጣ የሚችለው ከዚህ በታች ለተዘረዘሩት ነው።

ሀ. በከተማ ውስጥ የተዳቀሉ የወተት ላሞችን ለሚያረቡ፣ መሬት ለሌላቸው፣ ወተታቸውንም በየቀኑ ለሚሸጡ።

ለ. በቂ ጭድ ወይም ድርቆሽና ፉርሽካ እያላቸው ለምለም ነገር ብቻ ለጎደላቸው።

ሐ. ንጹሕ ውሃ ከቤታቸው ወይም ከአቅራቢያቸው ለሚያገኙ።

መ. በቀን ከሦስት እስከ አራት ጊዜ ሥራውን የሚከታተል ሰው ላላቸው።

በአንጻሩ ውሃ ከሩቅ ምንጭ በሴቶችና በልጆች ጀርባ ለሚቀዳበት ቤት፣ ገብሱን ለክረምት ቀለብ ላስቀመጠ ቤተ ሰብና ለመኖ የሚሆን መሬት ላለው አርሶ አደር ዘዴውን አንመክርም።

5. የገብሱ ሒሳብ

ሦስት የሚታለቡ ላሞች ያሉትን አንድ የከተማ አርቢ እንውሰድ። ለእያንዳንዷ ላም በቀን 6 ኪሎ ቡቃያ ለመስጠት በየቀኑ 3 ኪሎ ገብስ ይዘፈዘፋል። ይህም በወር 90 ኪሎ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት አራት ወራት 360 ኪሎ ይሆናል።

በአገራችን የዕርዳታ እህል ሲታደል ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ የተለመደ መጠን ነው። በዚህ ከተሰላ 360 ኪሎ ገብስ ስድስት ሰዎችን ለአራት ወራት ይቀልባል። ሃምሳ አባላት ያሉት የወተት ማኅበር ሥራውን በዚህ መጠን ቢጀምር የሚያስፈልገው ገብስ 180 ኩንታል ነው። ይህን ያህል ገብስ በአንድ ጊዜ ከሰከላ፣ ከቋሪትና ከደጋ ዳሞት ደጋዎች ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወርደው ላይ ሲገዛ፣ ዋጋው ጠላ ሻጯንም፣ ገብስ ሸምታ የምትበላውንም እናት ይነካል። የማኅበራት አመራር ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

በሌላ በኩል ላሟ የምታገኘውን እንመልከት። 400 ኪሎ የምትመዝን የተዳቀለች ላም በቀን 12 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። ስድስት ኪሎ ቡቃያ ከዚህ የሚሸፍነው 720 ግራሙን ብቻ ነው። የቀረውን ጭድ፣ ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ መሸፈን አለባቸው። እርሷን በቡቃያ ብቻ ለመመገብ በቀን 100 ኪሎ ቡቃያ፣ ማለትም 17 ኪሎ ገደማ ገብስ ያስፈልጋል፤ ይህም የማይታሰብ ነው። ስለዚህ የቡቃያ መኖ በማናቸውም ጊዜ ተጨማሪ መኖ እንጂ ዋና መኖ ሊሆን አይችልም።

6. አዘገጃጀት

ሒሳቡን አስልተው ይበጀናል ለሚሉ አርቢዎች አዘገጃጀቱን ደረጃ በደረጃ እናቀርባለን።

ዘር መምረጥ። ገብሱ ንጹሕ፣ ሙሉና ያልተሰበረ፣ ነቀዝ ያልበላው መሆን አለበት። ለመዝራት በኬሚካል የታሸ፣ ብዙ ጊዜም ቀለም የተቀባ ምርጥ ዘር ፈጽሞ ለመኖ አይውልም። አዲስ የታጨደ ገብስ ለጥቂት ሳምንታት በሚገባ ላይበቅል ስለሚችል ቆየት ያለው ይመረጣል። የብቅል ገብስ የተሻለ ዋጋ ስለሚያወጣ ለዚያው ገበያ ቢቀርብ ይሻላል።

የመብቀል ኃይል መፈተን። 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ፤ በአራተኛው ቀን የበቀሉትን መቁጠር። ከ85 በታች ከበቀለ ገብሱን ለዚህ ሥራ አለመጠቀም ይበጃል። የማይበቅለው ፍሬ በትሪው ላይ ይበሰብስና ለሻጋታ መነሻ ይሆናል።

ማጠብና ማጽዳት። ገብሱን በሰፊ ዕቃ ውሃ አፍስሶ ማማሰል፤ የሚንሳፈፈውን ገለባና ቀሊል ፍሬ ጠልሎ መጣል። ውሃው እስኪጠራ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ማጠብ። ከዚያም ሻጋታን ለመከላከል በ10 ሊትር ውሃ 200 ሚሊ ሊትር የቤት በረኪና ደባልቆ ገብሱን ለ30 ደቂቃ ማቆየትና ደጋግሞ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ። በረኪናውን ከሌላ ኬሚካል ጋር መቀላቀል ክልክል ነው።

መዘፍዘፍ። በንጹሕ ውሃ ለ12 ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ። ማታ ተዘፍዝፎ ጧት ቢወጣ ይመቻል። ከዚህ በላይ ብዙ ከቆየ ዘሩ አየር አጥቶ ይታፈናል።

ማጎንቆል። ውሃውን አጠንፍፎ ንጹሕ በሆነ እርጥብ ጆንያ ውስጥ፣ በጥላ ሥር፣ ለአንድ ቀን ማቆየት። ነጭ የሥር ጫፍ ብቅ ሲል ለትሪ ደርሷል።

በትሪ ላይ መደልደል። ለአንድ ካሬ ሜትር 5 ኪሎ ያህል ደረቅ ገብስ ይበቃል። ውፍረቱ ከ2 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ነው፤ ከበለጠ መሐሉ ይሞቅና ይሻግታል። የሚገዛ ትሪ የግድ አያስፈልግም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በቁመቱ ለሁለት ተሰንጥቆ ታችኛው በኩል ቢበሳሳ እያንዳንዱ ግማሽ፣ ግማሽ ኪሎ ገብስ ይይዛል። መርዝ ወይም ፀረ ተባይ የያዘ የነበረ ጀሪካን ግን ቢታጠብም አይሆንም። መደርደሪያው ከባሕር ዛፍ አጣና ወይም ከቀርከሃ ሊሠራ ይችላል። ውሃው ወርዶ እንዲያልቅ ትሪው በአንድ ወገን ጥቂት ዘንበል ይበል።

ውሃ መርጨት። በቀን ከሦስት እስከ አራት ጊዜ ንጹሕ ውሃ በአትክልት ማጠጫ ወይም በእጅ መርጫ መርጨት። መርጫው ቀደም ሲል ለፀረ አረም ወይም ለፀረ ተባይ ያገለገለ መሆን የለበትም። ውሃው ተመልሶ ካልተሰበሰበ ለአንድ ኪሎ ገብስ እስኪደርስ ድረስ ከ10 እስከ 20 ሊትር ይፈጃል። ፈስሶ የሚወርደው ውሃ ለጓሮ አትክልት ሊውል ይችላል።

ቦታው። ለቡቃያው ተስማሚ የሆነው ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። በፍኖተ ሰላም በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ ከዚህ በላይ ስለሚሞቅ የቆርቆሮ ቤት አይመረጥም፤ የሣር ክዳን ያለው፣ ነፋስ የሚያዘዋውርና ቀጥተኛ ፀሐይ የማይገባበት ዳስ ይሻላል። በቡሬ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል ቡቃያው አንድ ቀን ቢዘገይ አያሳስብም። ቦታው ከአይጥና ከዶሮ መጠበቅ አለበት።

ተራ መያዝ። ቡቃያው በትሪ ላይ ስድስት ቀን ይቆያል። አንድ ምድብ ትሪ ታጥቦ የሚደርቅበት ቀን ስለሚያስፈልግ በጠቅላላው ሰባት ምድብ ይዘጋጃል። ከላይ ለጠቀስናቸው ሦስት ላሞች በቀን ስድስት ግማሽ ጀሪካን፣ በጠቅላላው 42 ግማሽ፣ ማለትም 21 ጀሪካን ያስፈልጋል። የውሃው መጠንም በቀን ከ30 እስከ 60 ሊትር ነው።

7. ሻጋታና አደጋው

በዚህ ሥራ ላይ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው ሻጋታ ነው። እርጥበትና ሙቀት በአንድ ላይ ባሉበት ሻጋታ አይጠፋም። በሻገተ የገብስ ቡቃያና በሻገተ የብቅል ተረፈ ምርት ላይ የሚበቅል አስፐርጊለስ ክላቫተስ የተባለ ሻጋታ በልዩ ልዩ አገሮች ከብት ገድሏል። የተመረዘ ከብት ይንቀጠቀጣል፤ የኋላ እግሩ ይልፈሰፈሳል፤ ሲነዱት ይደናቀፋል፤ ከዚያም ወድቆ መነሣት ያቅተዋል። ይህ ምልክት ከታየ መኖውን ወዲያው አቁሞ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሥር ፀጉርን ከሻጋታ ጋር ያምታታሉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን በሥሩ ዙሪያ የሚታየው ነጭና ለስላሳ ጭረት የሥር ፀጉር ሊሆን ይችላል፤ ይህ ውሃ ሲረጭበት ተኝቶ ከዓይን ይጠፋል። ሻጋታ ግን ውሃ ቢረጭበትም አይጠፋም፤ ከዘር ወደ ዘር እንደ ሸረሪት ድር ይያያዛል፤ ወደ ግራጫ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ይለወጣል፤ ሽታውም የታወቀ ነው። የሻገተውን ቆርጦ የቀረውን መስጠት አይገባም። መርዙ በዓይን በማይታየው ክፍል ውስጥም ሊኖር ስለሚችል ትሪው በሙሉ ይወገድ፤ ዕቃውም በበረኪና ይታጠብ። የሻገተው ለዶሮም ሆነ ለሌላ እንስሳ አይሰጥም።

የቡቃያውን ሻጋታ የምንጠነቀቀውን ያህል የፋጉሎንም መጠንቀቅ አለብን። አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ከመኖ ወደ ወተት ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የተደረገ ጥናት በተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ ውስጥ ይህን መርዝ አግኝቷል፤ ከመኖዎቹም በተለይ የኑግ ፋጉሎን ከችግሩ ጋር አያይዞታል። ስለዚህ ማኅበራት ፋጉሎ ሲገዙ ደረቅና ያልሻገተ መሆኑን ይመልከቱ፤ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ዝናብ በማይነካው ቤት ያስቀምጡ።

8. አመጋገብ

ለአንዲት የምትታለብ ላም በቀን ከ5 እስከ 8 ኪሎ ግራም ቡቃያ ጧትና ማታ ተከፍሎ ይሰጣል። ለበግና ለፍየል አንድ ኪሎ ያህል ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ከትንሽ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ምንጣፉ በእጅ ተቆራርጦ ከጭድ ጋር ቢደባለቅ ይመረጣል። ጭዱ ወይም ድርቆሹ አይቀነስም፤ ጨውም አይቋረጥ። የደረሰ ቡቃያ በዚያው ቀን መበላት አለበት፤ ተከምሮ ካደረ ይሞቃል፤ ይበላሻልም።

9. ለገጠሩ አርሶ አደር የሚሻለው

መሬት ላለው አርሶ አደር በአንድ ክረምት የሚተከል ሣር ለብዙ ዓመታት ይታጨዳል፤ ገብስም አይጠይቅም። በእርከንና በማሳ ድንበር ላይ ደሾ ሣርና ዝሆኔ ሣር፣ በወይና ደጋው ሰስባንያና የርግብ አተር፣ በደጋው ትሪ ሉሰርን መትከል ይቻላል። አጃና ቬች በአንድነት ተዘርተው በአበባቸው ጊዜ ከታጨዱ ጥሩ ድርቆሽ ይሆናሉ። የጤፍ ጭድንና የበቆሎ አገዳን በዩሪያ ማከምም ሌላው መንገድ ነው። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ ተሟሙቶ ከተረጨ በኋላ አየር እንዳይገባው ታፍኖ ለ21 ቀን ይቆያል። ከወጣ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ተናፍሶ ለትላልቅ ከብቶች ቀስ በቀስ ይለመዳል። ለጥጃ አይሰጥም፤ ያልተሟሟ ዩሪያም ከከብት መራቅ አለበት።

ለእነዚህ ተክሎች ምርምርና ምክር ሩቅ መሄድ አያሻም። ከባሕር ዳር አጠገብ የሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። የቡሬ ወረዳም የኢትዮጵያ አርሶ አደሮችን ምርታማነትና የገበያ ውጤታማነት ለማሻሻል በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት አማካይነት ከተካሄደው ፕሮጀክት የሙከራ ወረዳዎች አንዱ ነበር።

10. ማኅበራት ከመጀመራቸው በፊት

የልማት ሠራተኞች የሚከተሉትን ከማኅበራት ጋር እንዲፈጽሙ እናሳስባለን።

ሀ. ቤት ወይም መሣሪያ ከመግዛት በፊት በአሥር ግማሽ ጀሪካን ለአንድ ወር መሞከር።

ለ. የገባውን ገብስ፣ የወጣውን ቡቃያ፣ የተወገደውን የሻገተ ትሪ፣ ውሃውንና የሥራውን ሰዓት በየቀኑ መመዝገብ።

ሐ. ቡቃያውን አድርቆ መመዘን።

መ. ወተቱን ቡቃያ ከመጀመሩ በፊት ለሁለት ሳምንት፣ ቡቃያው እየተሰጠ ለሦስት ሳምንት፣ ከተቋረጠም በኋላ ለሁለት ሳምንት መለካት። ሌላው መኖ በመካከሉ መለወጥ የለበትም፤ ከተለወጠ የወተቱ ልዩነት ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም።

ሠ. በተጨማሪው ወተት የተገኘውን ገንዘብ ከገብሱ ዋጋና ከድካሙ ጋር ማወዳደር። በዚያው ገንዘብ ፋጉሎ ወይም ፉርሽካ ቢገዛ ኖሮ ምን ይገኝ እንደነበርም አብሮ ማስላት።

ረ. መሣሪያ የሚሸጥ ነጋዴ ሲመጣ ስለ ለምለሙ ክብደት ሳይሆን ስለ ደረቅ ክብደቱ መጠየቅ።

ማጠቃለያ

የገብስ ቡቃያ መሬት ለሌለው የከተማ ወተት አርቢ በበጋ ወራት የለምለም መኖን ጉድለት የሚያቃልል፣ በቀላል ዕቃ የሚዘጋጅ ተጨማሪ መኖ ነው። መኖን አያበዛም፤ ገብሱን በውሃ አለስልሶና ቫይታሚን ጨምሮ፣ ከደረቅ ክብደቱ ግን ቀንሶ ይሰጣል። ስለዚህ ለጥቂት የሚታለቡ ላሞች፣ በንጽሕናና በሒሳብ ሲሠራ ይጠቅማል። በገጠር በሰፊው ቢዘረጋ ግን የሰውን ቀለብ ለከብት አሳልፎ የሚሰጥ፣ ሴቶችንም በውሃ ቅጂ የሚያደክም ሥራ ይሆናል። በገጠር የሚሻለው በክረምት ሣር መትከል፣ በጥቅምትና በኅዳር ድርቆሽ ማዘጋጀት፣ ጭድንም ከዝናብና ከምስጥ ጠብቆ ማከም ነው። የልማት ሠራተኞችም ይህን ልዩነት ለየማኅበሩ በሚዛን እያሳዩ እንዲያስረዱ እንመክራለን።